«ግልጽነት» እና «አጽዳ»፦ በምስል ማጣመር ሥራ ላይ የዋሉ ሁለት ትርጉሞች ሲመረመሩ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሶዶ ወረዳ ከተማ በቡኢ፣ የሠርግና የልደት ቪዲዮ ከሚያቀናብሩት ቤቶች ባንደኛው ውስጥ፣ ከኮምፒዩተሩ በላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ለማየት ዕድል አጋጥሞን ነበር። ወረቀቱ የምስል ማጣመሪያ ሶፍትዌር የሚሠራባቸውን ሃያ ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት ከነአማርኛ ትርጉማቸው የያዘ ሲሆን፣ የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም። ሥራውን የሚማሩት ወጣቶች እርስ በርሳቸው በክስታንኛና በአማርኛ የሚነጋገሩ ናቸው። እንግሊዝኛውን ቃል በመልኩ ለይተው ያውቁታል እንጂ ትርጉሙን የሚያገኙት ከዚሁ ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ለእነርሱ መዝገበ ቃላትም፣ የሥራ መምሪያም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሙ ያልታወቀውን ተርጓሚ ለማሳጣት አይደለም። ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይከፍለው፣ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይጠበቅ የነበረውን ሥራ ሠርቶ የተገኘ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ከሃያዎቹ ትርጉሞች መካከል ሁለቱ፣ ይኸውም «ግልጽነት» እና «አጽዳ» የተባሉት፣ አንባቢውን ወደ ስሕተት የሚመሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። ስሕተቱም በዚያ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የሶፍትዌር ትርጉም የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚደርሱበት ስሕተት ስለሆነ፣ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

ትርጉሙን ለመመዘን አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ያሻል። ምስል ማጣመር ማለት፣ ባንድ ቦታ የተነሣውን ሰው ከነበረበት ለይቶ አውጥቶ በሌላ ዳራ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሙሽሮቹ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆመው ይነሣሉ፤ ኋላም አረንጓዴው ይወጣና በስፍራው ሌላ ምስል ይገባል። በቡኢ ካየናቸው ዳራዎች አንዱ፣ እዚያው ሶዶ ውስጥ የሚገኘውና በ1972 ዓ.ም. (እ.አ.አ. በ1980) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጢያ ትክል ድንጋይ ነበር። ሶፍትዌሩ ይህን ሥራ የሚሠራው አንድ ሁለተኛ ምስል በማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ምስል ቀለም የለውም፤ ያለው ነጭ፣ ጥቁርና በመካከላቸው ያለው የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። ነጭ በሆነበት ቦታ ፊተኛው ምስል፣ ማለት ሙሽሮቹ፣ ሙሉ በሙሉ ይታያሉ፤ ጥቁር በሆነበት ቦታ ፊተኛው ጠፍቶ ኋለኛው ይታያል፤ ግራጫ በሆነበት ግን ሁለቱም በየድርሻቸው ይታያሉ። ይህን ሁለተኛ ምስል ባለሙያዎቹ «ማት» ይሉታል።

የማት ታሪክ ከኮምፒዩተር በፊት ይጀምራል። አሜሪካዊው የፊልም አንሺ ፍራንክ ዊልያምስ ከተዋናዩ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ማት የሚሠራበትን ዘዴ እ.አ.አ. በ1918 በፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። በኋላም ፔትሮ ቭላሆስ በቀለሞች መካከል ያለውን ልዩነት በማስላት ጭስን፣ መስተዋትንና ጸጉርን የመሰሉ ነገሮች ሳይበላሹ የሚወጡበትን መንገድ አሻሻለ። ወደ ኮምፒዩተር የገባው ደግሞ ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ እ.አ.አ. በ1977 እና በ1978 መካከል ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ከቀዩ፣ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው ቀጥሎ አራተኛ ቍጥር በሰጡት ጊዜ ነው። ይህን ቍጥር «አልፋ» አሉት። ስሙን የወሰዱት ሁለት ነገሮችን በየድርሻቸው ለማደባለቅ ከሚያገለግለው የሒሳብ ቀመር ውስጥ ካለችው የግሪክ ፊደል ነው። እ.አ.አ. በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የዚህን ሒሳብ ሥርዓት በጽሑፍ አደላደሉት።

ከዚህ አጭር ታሪክ ለቃላት ጥናት የሚጠቅም አንድ ነገር እናገኛለን። ፈጣሪዎቹ ለነገሩ ስም ሲያወጡለት ያሰቡት ስለ መጠን ነው። አልፋ 1 ሲሆን ፊተኛው ምስል ሙሉ፣ 0 ሲሆን ፊተኛው ምስል ባዶ፣ 0.4 ሲሆን ደግሞ ከፊተኛው አራት እጅ ከኋለኛው ስድስት እጅ ይታያል ማለት ነው። እንግዲህ በአማርኛ የሚሰጠው ቃል ይህን የመጠን ጠባይ ይዞ መገኘት አለበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃል እንለፍ። በቡኢው ወረቀት ላይ ትራንስፓረንሲ ለተባለው ቃል «ግልጽነት» የሚል ትርጉም ተሰጥቶታል። ከበታቹም ኦፓሲቲ ለተባለው ቃል ያው «ግልጽነት» ተደግሟል። ሁለቱ ቃላት ግን ተቃራኒዎች ናቸው፤ አንደኛው ብርሃን የማሳለፍ፣ ሁለተኛው ብርሃን የመጋረድ ልክ ነው። አንደኛው ባደገ መጠን ሁለተኛው ይቀንሳል። ወጣቱ ሠራተኛ በአንደኛው መስኮት «ግልጽነት» ያለውን ወደ መቶ ሲገፋው ሙሽራዋ ትጠፋለች፤ በሌላው መስኮት «ግልጽነት» ያለውን ወደ መቶ ሲገፋው ደግሞ ሙሽራዋ ፍጹም ድፍን ሆና ትታያለች። ላንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ውጤት ያየ ተማሪ ቃሉን ማመን ያቆማል፤ ከዚያም ወዲያ በዕውቀት መሥራቱ ቀርቶ በመሞከር ይሠራል።

ተርጓሚው «ግልጽነት» ለትራንስፓረንሲ ብቻ ቢለው ኖሮስ? ያም ቢሆን አይስማማም። አንደኛ፣ «ግልጽነት» በአስተዳደርና በሕግ ዘርፍ ቦታውን ይዟል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ሲደነግግ ቃሉን የተጠቀመው በዚህ ስሜት ነው። ሁለተኛውና የከፋው ምክንያት ግን፣ ስለ ምስል በሚነገርበት ቦታ «ግልጽ» የሚለው ቃል ሌላ የታወቀ ፍች ያለው መሆኑ ነው። ፎቶ አንሺና ደንበኛው «ምስሉ ግልጽ ነው» ሲባባሉ፣ ምስሉ አልደበዘዘም፣ ዝርዝሩ ይታያል ማለታቸው እንጂ በምስሉ ውስጥ ሌላ ነገር ያሳያል ማለታቸው አይደለም። ስለዚህ «የማቱን ግልጽነት ቀንስ» የተባለ ተማሪ «ምስሉን አደብዝዝ» እንደ ተባለ አድርጎ ቢረዳው የሚወቀስ አይሆንም። ቃሉ ባዶ ቦታ አላገኘም፤ ሌላ ቃል በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተደርቦ ተቀመጠ።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ቃል ታጥቶ አይደለም። የሸማ ቋንቋ ብቻውን ይበቃል። ሸማችን ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ እየተባለ የሚለየው በድርቡ ቍጥር ነው፤ ድርቡ በበዛ መጠን ከኋላው ያለው ነገር እየተጋረደ ይሄዳል። ስለ ጨርቅ «ስስ ነው» ሲባል ገላ ያሳያል ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። «ድፍን» ሲባል ደግሞ ቀዳዳ የሌለው፣ ምንም የማያሳልፍ ማለት ነው። «አሳለፈ» ከሚለው ግስም «ብርሃን አሳላፊ» የሚለው አነጋገር ይገኛል። እንግዲህ ድፍን፣ ስስ፣ አሳላፊ ብለን ሦስት ደረጃዎችን ልናስቀምጥ፣ መለኪያውንም «ድፍንነት» እና «አሳላፊነት» ብለን ተቃራኒነታቸው በስማቸው እንዲታወቅ ልናደርግ እንችላለን። «አሳላፊ» የሚለው ቃል በድግስ ላይ የሚያስተናግደውን ሰው ጭምር የሚያመለክት መሆኑን አልዘነጋነውም፤ ነገር ግን በሶፍትዌር መስኮት ውስጥ ይህን ከዚያ ጋር የሚያምታታ ሰው ይኖራል ብለን አንገምትም። «አስተላላፊ» የሚለውን ያልመረጥነው ግን ሆን ብለን ነው፤ ቃሉ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ሙያ ውስጥ ሥርጭትን ስለሚያሳስብ በዚሁ ሥራ መካከል ግራ ያጋባል።

ሁለተኛው ቃል «አጽዳ» ነው። በዚህ ላይ ያለን ቅሬታ ይብሳል። ከአረንጓዴው ጨርቅ የሚገኘው ማት መጀመሪያ ሲወጣ ንጹሕ አይሆንም። ጨርቁ ተጨማዶ ጥላ የጣለ እንደ ሆነ፣ መብራቱም እኩል ያላረፈበት እንደ ሆነ፣ ጥቁር መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግራጫ ጉድፍ ይቀራል፤ ሙሽራው አረንጓዴ ነገር የነካው ልብስ ለብሶ እንደ ሆነም፣ ነጭ መሆን በሚገባው ደረቱ ላይ ቀዳዳ ይታያል። ባለሙያው ይህን ሲያስተካክል፣ እንግሊዝኛው ማቱን ክሊን ማድረግ ይለዋል። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ይዞ «ማቱን አጽዳ» ብሎታል።

«አጽዳ» በቤት ውስጥ ቆሻሻን ማስወገድ ነው። በስልኮችና በኮምፒዩተሮች የአማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ የተጻፈውንና የተከማቸውን ሁሉ የሚደመስሰው ትእዛዝ ስም ሆኖ ተለምዷል። በሁለቱም ፍች ውስጥ የሚጸዳው ነገር እንዲቀር የማይፈለግ ነው፤ የጸዳ ነገርም በጸዳ መጠን ይበልጥ ጥሩ ነው። «አጽዳ» የተባለ ሰው ትንሽ ቆሻሻ ትተህ አቁም የሚል ምክር አይሰማም። በማት ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በማቱ ላይ ያለው ግራጫ ሁሉ ጉድፍ አይደለም። የጸጉር ጫፍ ግራጫ ነው፤ የተንቀሳቀሰ እጅ ጠርዝ ግራጫ ነው፤ የሙሽራዋ ነጠላ ግራጫ ነው።

ጉዳቱን በቍጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ነጠላው አንድ ድርብ በሆነበት ቦታ በማቱ ላይ 0.30፣ በታጠፈበት ቦታ 0.60 ይነበብ እንበል። ሶፍትዌሩ ሁለት ወሰን ያስቀምጣል፤ ከታችኛው ወሰን በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር፣ ከላይኛው ወሰን በላይ ያለውን ሁሉ ነጭ ያደርግና መካከሉን እንደገና ያከፋፍላል። ታችኛው ወሰን በ0.05፣ ላይኛው በ0.95 ላይ ቢቆም፣ በዳራው ላይ የነበረው ቀላል ጉድፍና በደረቱ ላይ የነበረው ቀላል ቀዳዳ ይጠፋሉ፤ ነጠላው ግን ከ0.30 ወደ 0.28፣ ከ0.60 ወደ 0.61 ብቻ ስለሚለወጥ ስስነቱ እንዳለ ይቀራል። ሠራተኛው «አጽዳ» የሚለውን አምኖ ወሰኖቹን እስከ 0.30 እና እስከ 0.60 ቢያቀራርባቸው ደግሞ፣ ማቱ ለዐይን እጅግ የጸዳ ሆኖ ይታያል፤ ያው የነጠላው ስስ ክፍል 0 ሆኖ ይጠፋል፣ የታጠፈው ክፍል 1 ሆኖ እንደ ኖራ ግድግዳ ይደነድናል። ጥለቱ ወፍራም ስለሆነ ይተርፋል።

በቡኢ በወረቀቱ መሠረት ከተሠሩት ምስሎች በአንዱ ላይ ያየነው ይህንኑ ነበር። ከጢያ ድንጋዮች ፊት የቆመችው ሙሽራ ትከሻዋ ላይ ነጠላ የለም፤ ጥለቱ ግን ምንም ሳይዘው ባየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራውን የሠራው ወጣት ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ አላወቀም። የታዘዘውን ፈጽሟል፤ አጽድቷል። ቤተሰቡ ያን ቀን ደግሞ ሊያገኘው አይችልም። እንግዲህ የትርጉም ስሕተት በወረቀት ላይ የሚቀር የምሁራን ክርክር ብቻ ነው የሚል ካለ፣ መልሳችን ይህች ሙሽራ ናት።

በቅኔ ቤት ግስ ሳይገስሱ ወደ ቅኔ መዝለቅ እንደሌለ ሁሉ፣ በሙያ ቃላት ሥራም ከስሙ በፊት ግሱን ማቅናት ይገባል የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ስም ቢሳሳት ሰሚው ይደናገርና ይጠይቃል፤ ግስ ቢሳሳት ግን ሰሚው ሳይጠይቅ ይሠራል። የሶፍትዌር ትርጉም ደግሞ አብዛኛው ትእዛዝ፣ ማለትም ግስ ነው።

በ«አጽዳ» ፈንታ «አጥራ» የሚለውን እናቀርባለን። ጠላ ሲጠራ አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠላው ግን አይደፋም። ውሃም ሲጠራ እንዲሁ ነው። በመጥራት ውስጥ የሚለይና የሚቀር ነገር መኖሩ በቃሉ ውስጥ ይታወቃል፤ በመጽዳት ውስጥ ግን የሚቀረው አይነገርም። «አንጥር» የሚለውንም አስበንበት ነበር፤ ወርቅና ቅቤ የሚነጠሩት በእሳት ቀልጠው ስለሆነና የተገኘው ነገር ከቀድሞው መልኩ የተለወጠ ስለሆነ፣ ለማት የበረታ ቃል ሆኖ ታየን። በ«አጥራ» ላይ የሚነሣ ክርክር እንዳለ አንክድም፤ «የጠራ ምስል» ሲባልም እንደ «ግልጽ ምስል» ያልደበዘዘውን ያመለክታልና። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ «ማቱን አጥራ» ሲባል ተሳቢው በግልጽ ስለሚነገር የሚጠራው ማቱ እንጂ የሙሽሮቹ ምስል አለመሆኑ ይታወቃል፤ ቃሉ በከፊል ቢሳት እንኳ ወደ መደምሰስ አይመራም። ትርጉም ሲመረጥ ከትክክለኛነቱ ጋር የስሕተቱም አቅጣጫ ሊመዘን ይገባል።

በወረቀቱ ላይ ያሉ ሌሎች ትርጉሞችንም በአጭሩ እናንሣ። ቾክ የተባለውን ትእዛዝ «ማነቅ» ብሎታል። የሚፈለገው የማቱን ጠርዝ ጥቂት ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ለዚህም ከልብስ ሰፊ «ማጥበብ» የሚለውን፣ ለተቃራኒውም «ማስፋት» የሚለውን መዋስ ይቻላል፤ በማንኛውም ከተማ ያለ ደንበኛ ሱሪውን ሲያሰጥ የሚጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። ስፒል የተባለውን «መፍሰስ» ብሎታል፤ ነገሩ ከአረንጓዴው ጨርቅ ተንጸባርቆ በሙሽራው ጉንጭና ትከሻ ላይ ያረፈ ብርሃን ስለሆነ «የአረንጓዴ ነጸብራቅ» ቢባል ነገሩንም መንሥኤውንም ይገልጻል። ኖይዝ የተባለውን «ጫጫታ» ብሎታል፤ ይህ ለጆሮ የሚስማማ ነው። ለዐይን የተሠራ ቃል «ጉድፍ» እያለ ሌላ መፈለግ አያሻም። ኪይ የተባለውን «ቁልፍ» ማለቱም እንዲሁ የቃሉን መልክ ተከትሎ ሥራውን መሳት ነው፤ «ቀለም መለየት» ቢል የሚሠራውን በተናገረ ነበር።

እነዚህ አራት ስሕተቶች አንድ ምንጭ አላቸው። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ፍች ወስዷል እንጂ፣ ትእዛዙ ሲፈጸም በምስሉ ላይ የሚሆነውን አይቶ ስም አላወጣለትም። የሚገርመው ግን በዚሁ ወረቀት ላይ ሳይሳሳት የተረጎማቸው ቃላት ሁሉ ከሥራው የተወሰዱ መሆናቸው ነው። ለጀርባ ምስል «ዳራ»፣ ለኤጅ «ጠርዝ»፣ በማቱ ላይ ለሚታየው ሽንቁር «ቀዳዳ» ብሏል፤ ሦስቱም ያለ ማብራሪያ የሚገቡ ናቸው። ተርጓሚው ዐይኑን ባመነበት ቦታ ሁሉ ቀንቶታል፤ የተሳሳተው ዐይኑን ትቶ መዝገበ ቃላትን ባመነበት ጊዜ ነው።

ስለ «ማት» ስለ ራሱ አንድ ቃል እንጨምር። ተርጓሚው ቃሉን ሳይለውጥ በፊደላችን ጽፎታል። በዚህ የሚቆጡ ይኖራሉ፤ እኛ ግን አንነቅፈውም። በእርግጥ በፎቶ ቤት ውስጥ ማት ማለት የማያንጸባርቅ የፎቶ ወረቀት ጭምር ነው፤ ይሁን እንጂ ያኛው ወረቀት ሲታዘዝ፣ ይኸኛው በኮምፒዩተር ሲሠራ ስለሚነገር እስካሁን ያምታታው ሰው አልገጠመንም። የአገር ቃል ይሻላል ለሚሉ «ግርዶሽ» የሚለውን እናመለክታለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በታየ ጊዜ፣ አብዛኛው የአገራችን ክፍል ያየው ከፊል ግርዶሽ መሆኑን ሕዝቡ ያለ ችግር ተረድቶታል፤ ስለዚህ ቃሉ መጋረድንም፣ በከፊል መጋረድንም ይሸከማል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጥሎ የትኛው እንደሚጸና ማየት እንጂ፣ በስሙ ላይ ብዙ ቀን መከራከር አስፈላጊ አይመስለንም። ባዕድ ስም ሥራ አያበላሽም።

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ መርሐ ልሳን ሆኖ ተቋቁሞ ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው መሥሪያ ቤት ከተነሣባቸው ዓላማዎች አንዱ፣ ለዘመናዊው ዕውቀትና ሙያ ቃል ማዘጋጀት ነበር። በዚያ ሥራ የፊዚክሱ፣ የኬሚስትሪውና የሥነ ሕይወቱ ቃል ተራውን አግኝቷል። የቪዲዮ ቤቱ ቃል ግን ተራውን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይለወጣል፣ ወጣቱም ዛሬ ሠርግ አለበት። ስለዚህ ሥራው ከመሥሪያ ቤት ወደ ሥራ ቤት የሚሄድ እንጂ የሥራ ቤቱን መምጣት የሚጠብቅ መሆን የለበትም። እንደ ቡኢ ባለ፣ ክስታንኛና አማርኛ ባንድ ጠረጴዛ በሚነገሩበት ስፍራ፣ ተርጓሚው ከአማርኛው ሌላ የአካባቢውን ቋንቋ የሙያ ቃል ጭምር ጆሮ ሰጥቶ ቢሰማ ትርፉ እጥፍ ይሆናል።

ለውይይት ያህል ያቀረብናቸውን ቃላት ከነፍቻቸው ከዚህ በታች እንደረድራለን።

አሳላፊነት፦ ፊተኛው ምስል ኋለኛውን የሚያሳይበት መጠን።

ድፍንነት፦ ፊተኛው ምስል ኋለኛውን የሚጋርድበት መጠን፤ የአሳላፊነት ተቃራኒ።

ስስ፦ በከፊል የሚያሳልፍ፤ በማቱ ላይ ግራጫ ሆኖ የሚታይ።

ማት ማጥራት፦ ከማቱ ላይ ጉድፍንና ቀዳዳን ማስወገድ፣ ስሱን ክፍል ሳይነኩ።

ማጥበብ፣ ማስፋት፦ የማቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መግፋት።

ነጸብራቅ፦ ከዳራው ጨርቅ ተመልሶ በሰውየው ላይ ያረፈ ቀለም።

ከእነዚህ መካከል በ«ማት ማጥራት» ፍች መጨረሻ ላይ የገባው ሐረግ፣ «ስሱን ክፍል ሳይነኩ» የሚለው፣ እንዲወጣ አንስማማም። ቃላቱ ሁሉ ቢለወጡ እንኳ ይህ ሐረግ በየትኛውም ትርጉም ውስጥ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። በቡኢ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት እርሱን ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የሙሽራዋ ነጠላ ዛሬም በትከሻዋ ላይ ነበር።